የብሉዝ እቴጌ ቤሲ ስሚዝ፦ ሕይወቷና ደስታዋ

የመሐንዲስ ሥራ ሲነሣ ቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ድልድዩ፣ ግድቡ፣ መንገዱና ሕንፃው ነው። ነገር ግን ማንኛውም ግንባታ ከድንጋዩና ከብረቱ ሌላ የሠሪውን ኅብረተሰብ ሕግና ልማድ ጭምር ተሸክሞ ይቆማል። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 1964 የቆየው የዘር ልዩነት ሥርዓት በሕግ መጽሐፍ ላይ ብቻ የሰፈረ አልነበረም። በንድፍ ወረቀትም ላይ ተሥሏል። ለአንድ የባቡር ጣቢያ ሁለት በር፣ ሁለት የመንገደኛ መቆያ ክፍል፣ ሁለት የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ተነድፎለታል፤ ለአንድ ቲያትር ቤትም ጥቁሮች የሚገቡበት የጓሮ ደረጃ ለብቻው ተሠርቶለታል። ይህን ሁሉ የለካና የሠራ ባለሙያ ነበር።

በዚያ አገርና በዚያ ዘመን ድሃ፣ ጥቁርና ሴት ሆና የተወለደች፣ ከዚህም በላይ ወንዶችንም ሴቶችንም ታፈቅር የነበረች፣ ነገር ግን ከእነዚህ በአንዱም አንገቷን ሳትደፋ የኖረች አንዲት ዘፋኝ ነበረች። ስሟ ቤሲ ስሚዝ ይባላል፤ ሕዝቡ ደግሞ የብሉዝ እቴጌ ይላት ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሕይወቷን ታሪክ በአጭሩ መተረክ፣ እግረ መንገዱንም የእርሷና የጓዶቿ ደስታ ጭቆናን ለመቋቋም እንዴት እንዳገለገለ ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና አስተዳደግ

ቤሲ ስሚዝ በኤፕሪል 1894 በቴነሲ ክፍለ ግዛት በቻታኑጋ ከተማ ተወለደች። አባቷ ዊልያም ስሚዝ የቀን ሠራተኛና አልፎ አልፎ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበር። መልኩን ለይታ ሳታውቀው ሞተ። እናቷ ሎራም ቤሲ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናት ተከተለችው። ልጆቹን የማሳደጉ ሸክም በታላቅ እህታቸው በቫዮላ ትከሻ ላይ ወደቀ። ቫዮላ የሰው ልብስ በማጠብ ቤቱን ስታስተዳድር ቤሲ ከወንድሟ ከአንድሩ ጋር አደባባይ ወጣች። ጥቁሮች በብዛት በሚመላለሱበት በዘጠነኛው መንገድ ላይ እርሱ ጊታር ሲመታ እርሷ እየዘፈነችና እየጨፈረች ከአላፊ አግዳሚው ሳንቲም ትለቅም ነበር። እንግዲህ የሙዚቃ ትምህርት ቤቷ የመንገድ ዳር ነው። የመጀመሪያ ትምህርቷም የደከመውንና የተቸገረውን መንገደኛ አስቁሞ ፊቱን ማፍካት ነበር።

ታላቅ ወንድሟ ክላረንስ ከተንቀሳቃሽ የትርኢት ጓድ ጋር ቤቱን ትቶ ሄዶ ነበርና በ1912 ከነጓዱ ወደ ቻታኑጋ ሲመለስ እህቱን አስቀጠራት። የተቀጠረችው ግን በጨፋሪነት ነው፤ ጓዱ ዘፋኝ ነበረውና። ያቺ ዘፋኝ ኋላ የብሉዝ እናት የተባለችው ማ ሬይኒ ነበረች። ማ ሬይኒ ልጅቱን አስጠልፋ ወሰደቻት የሚል ወሬ ለብዙ ዘመን ሲነገር ቢኖርም እውነትነት የለውም። እውነቱ ታላቂቱ ለታናሺቱ መድረክ ላይ እንዴት እንደሚቆም ማሳየቷ ነው። ማ ሬይኒም ሴቶችን ታፈቅር ነበር። በ1928 ባስቀረጸችው አንድ ዘፈን የወንድ ልብስ ለብሳ ከሴቶች ጋር ስለምትውል ሴት ዘፍናለች። ሸክላውን ያወጣው ኩባንያም ገበያ ይስባል ብሎ በማስታወቂያው ላይ ባርኔጣና ክራባት አድርጋ ከሴቶች ጋር ስትጫወት፣ ፖሊስም ከርቀት ሲመለከታት የሚያሳይ ሥዕል አተመ።

እዚህ ላይ ስለ ብሉዝ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ለእኛ አንባቢ ብሉዝን ከእንጉርጉሮ ጋር ማነጻጸር ሳይቀል አይቀርም። አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ ደግሞ በሦስተኛው መልሱን የሚሰጥ፣ ስለ መለየት፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ፍቅርና ስለ መንገድ የሚናገር ዘፈን ነው። ይሁን እንጂ እንጉርጉሮ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ብቻውን ሲሆን የሚያንጎራጉረው ሲሆን፣ የቤሲ ብሉዝ ግን በድንኳን ውስጥ ሺህ ሰው እየመለሰለት፣ እየተሳቀበትና እየተጨፈረበት የሚዘፈን ነው። ሰውየው በሳምንቱ ውስጥ የደረሰበትን ውርደት ሰብሰብ አድርጋ በዜማ ትነግረዋለች። እርሱም ሲሰማው ይስቃል። ያ ሳቅ ሐዘኑን መርሳት አልነበረም፤ ሐዘኑን ከበላዩ አውርዶ ፊት ለፊት ማየት ነበር።

ከድንኳን ወደ ሸክላ

ከ1913 ጀምሮ ቤሲ በአትላንታ ከተማ ኤቲዋን በተባለው ቲያትር ቤት ተደላድላ መሥራት ጀመረች። በ1920ዎቹም ጥቁር ከያንያንን ከከተማ ወደ ከተማ በሚያዘዋውረው የቲያትር ባለቤቶች ማኅበር መስመር ታላቅ ስም አገኘች። አብዛኞቹ የቲያትር ባለቤቶች ነጮች ስለነበሩና ክፍያውም አነስተኛ ስለነበረ ከያንያኑ የማኅበሩን ምሕጻረ ቃል በጥቁር ከያኒ ላይ የሚጨክን ብለው በቀልድ ይፈቱት ነበር።

በ1923 መጀመሪያ ወደ ኒው ዮርክ ሄዳ ለኮሎምቢያ ኩባንያ መዝፈን ጀመረች። ከዚያ በፊት ሌሎች ኩባንያዎች ድምፅዋ ሻካራ ነው በሚል ሰበብ መልሰዋት ነበር። በፌብሩዋሪ 1923 የተቀረጸው ዳውን ሃርትድ ብሉዝ የተሰኘው ዘፈኗ በስድስት ወር ውስጥ 780,000 ያህል ቅጂ እንደተሸጠ ይነገራል። የዚህ ዘፈን ደራሲዎች አልበርታ ሃንተርና ላቪ ኦስቲን የተባሉ ሁለት ጥቁር ሴቶች ናቸው። አልበርታ ሃንተርም የሕይወት ጓደኛዋ ሴት ነበረች። ስለዚህ በዚያ ዓመት በመቶ ሺህ በሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ የተሰማው የፍቅር ምሬት ከሁለት እንዲህ ያሉ ሴቶች፣ ከአንዲቱ ብዕርና ከሌላዪቱ ጉሮሮ የወጣ ነበር።

የሙያ ባልደረቦቼ የቀረጻውን አሠራር ማወቅ ይወዱ ይሆናል። እስከ 1925 ድረስ ድምፅ የሚቀረጸው ያለ ኤሌክትሪክ ነበር። ዘፋኟ በትልቅ የመለከት አፍ ውስጥ ትዘፍናለች፤ የድምፁ ሞገድ በመለከቱ ጫፍ ያለውን ስስ ሽፋን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘው መርፌም በሚሽከረከር የሰም ሰሌዳ ላይ ቦይ ይቀድዳል። በዚህ ዘዴ ሊያዝ የሚችለው ድምፅ በግምት ከ250 እስከ 2,500 ኸርትዝ ያለው ብቻ ስለነበር የከበሮውና የትልቁ ክራር መሰል መሣሪያ ጎርናና ድምፅ፣ እንዲሁም ቀጭኑ ሁሉ ይቀር ነበር። ለስላሳ ዘፋኝ በዚያ መለከት ውስጥ ጠፍታ ትቀራለች። ቤሲ ግን ያለ ድምፅ ማጉያ ድንኳን ሙሉ ሰው ማዳረስ የለመደች ነበረችና መሣሪያው የሚፈልገውን ጉልበት ይዛ መጣች። ሰሙ ላይ የቀረው ወርቅ ዛሬም ይሰማል።

ኮሎምቢያ በ1925 በአዲሱ የዌስተርን ኤሌክትሪክ ማይክሮፎን መቅረጽ ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ተቀራጮች አንዷ እርሷ ነበረች፤ በዚህ መሣሪያ የተቀረጸችው በዚያው ዓመት በሜይ ነው። የዚያን ዕለት ባለሙያዎቹ የድምፁን ነጸብራቅ ለመቆጣጠር በክፍሉ ውስጥ ድንኳን መሰል ጨርቅ ሰቅለው ነበር፤ በቀረጻው መሐል ጨርቁ በዘፋኟና በሙዚቀኞቹ ላይ ወደቀ። ዕድሜዋን በድንኳን ውስጥ ለዘፈነች ሴት እንዲህ ያለ አደጋ ብርቅ አልነበረም።

የገንዘቡ ጉዳይ ግን እንደ ዝናዋ አልሆነላትም። መጀመሪያ ላይ ፒያኖ ይመታላት የነበረው ክላረንስ ዊልያምስ ለአንድ ዘፈን ከሚከፈላት 125 ዶላር ግማሹን በኪሱ ይከት ነበር። ቤሲና ጃክ ጊ፣ ማለትም በ1923 ያገባችው ሰው፣ ይህን ሲደርሱበት ቢሮው ድረስ ሄደው በጉልበት ከውሉ አስለቀቁት። ከዚያ በኋላ ከኮሎምቢያ ጋር በቀጥታ ብትዋዋልም በውሉ ላይ ከሽያጩ ድርሻ የሚሰጣት አንቀጽ ተሰርዟል። 160 ያህል ዘፈን አስቀርጻለች፤ ከእያንዳንዱ የተቀበለችው ቁርጥ ዋጋ ብቻ ነው።

ቢጫው ፉርጎ

በመድረክ ገቢዋ ግን በዘመኑ ከነበሩት ጥቁር ከያንያን ሁሉ ትልቃለች። በሳምንት እስከ 2,000 ዶላር ታገኝ እንደነበር ይተረካል። በዚህ ገንዘብ ከገዛቻቸው ነገሮች ሁሉ ለዚህ መጽሔት አንባቢ የሚጠቅመው አንድ የባቡር ፉርጎ ነው። ትርጉሙን ለመረዳት ግን ትንሽ ወደኋላ መመለስ ይገባል።

በ1890 የሉዊዚያና ክፍለ ግዛት ነጮችና ጥቁሮች በተለያየ ፉርጎ እንዲጓዙ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። በ1892 ሆመር ፕሌሲ የተባለ ሰው ሕጉን ለመፈተን ሆን ብሎ በነጮች ፉርጎ ተቀምጦ ታሰረ። በ1896 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አገልግሎቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ዘርን መለየት ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ሲል ፈረደ። ለትምህርት ቤቱ፣ ለሆስፒታሉ፣ ለመናፈሻውና ለመቃብሩ ሳይቀር መለያየት የሕግ መሠረት የሆነው ይኸው የፉርጎ ፍርድ ነበር። በዚያን ጊዜ ቤሲ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች።

ከጓዷ ጋር በደቡብ ስትዘዋወር የፍርዱን ውጤት በየቀኑ ታየው ነበር። ሆቴል አይቀበላቸውም፤ ምግብ ቤት አያስተናግዳቸውም። ሺህ ሰው አጨብጭቦላት ከመድረክ የወረደች ዘፋኝ ማደሪያ ፍለጋ የሰው በር ታንኳኳለች። በ1925 ግን በአትላንታ ከተማ ልዩ ፉርጎ አሠራች። ርዝመቱ ከ70 ጫማ በላይ ሲሆን ቢጫ ቀለም ተቀብቶ ጽሑፉ በአረንጓዴ ተጽፎበታል። ሰባት የመኝታ ክፍሎች፣ ወጥ ቤት፣ ሙቅና ቀዝቃዛ ውሃ ያለው መታጠቢያ ነበረው። ጓዱን በሙሉ ከነድንኳኑና ከነዕቃው ያጓጉዛል። ከመደበኛው ባቡር ጋር ተቀጥሎ ይጓዝና ከከተማው ሲደርሱ በጎን ሐዲድ ላይ ይቆማል። ጨፋሪዎቹ በሙዚቃ ታጅበው ከተማውን ይዞራሉ፤ ድንኳኑ ይተከላል፤ ከትርኢቱ በኋላም ሁሉም ወደ ገዛ ቤቱ ይመለሳል።

ሕጉ ጥቁርን ለማዋረድ የመረጠው መሣሪያ ፉርጎ ነበር። ቤሲ ያንኑ መሣሪያ ወስዳ በገንዘቧ የራሷ አደረገችው። በውስጡ የነጭና የጥቁር መቀመጫ የለም፤ የፊት በርና የጓሮ በር የለም። ማን ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ማን ምን ለብሶ እንደሚጨፍር የሚጠይቅ ተቆጣጣሪም የለም። ደስታ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታም ሠሪ ይፈልጋል። ይህን የሕይወቷ ክፍል ከሌላው ሁሉ ለይቼ የማየው ስለዚህ ነው።

ፍቅሯ

የቤሲ የግል ሕይወት በዝርዝር የታወቀው የጃክ ጊ የእህት ልጅ የሆነችውና ከእርሷ ጋር ለዓመታት የተጓዘችው ሩቢ ዎከር ለታሪክ ጸሐፊው ለክሪስ አልበርትሰን ያየችውን ሁሉ ስለነገረችው ነው። መጽሐፉ በ1972 ታተመ። ከዚህ እንደምንረዳው ቤሲ በትዳር ላይ እያለች ከጓዷ ጨፋሪ ሴቶች ጋር ፍቅር ነበራት። በ1926 እና በ1927 ከአንዲቱ ጋር የነበራት ግንኙነት ጓዱ በሙሉ የሚያውቀው ነገር ነበር። የማያውቀው ባልየው ብቻ ነው፤ እርሱም በድንገት ብቅ ሲል ፉርጎው ይተራመስ ነበር። በዲትሮይት ከተማም መጠጥ በሕግ በተከለከለበት በዚያ ዘመን፣ በሰው መኖሪያ ቤት ውስጥ በሚስጥር የሚካሄዱ የሌሊት ጭፈራ ቤቶችን ትጎበኝ ነበር። በእነዚያ ቤቶች ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት ጋር ቢጨፍር የሚደነቅ አልነበረም።

ይህን የሕይወቷን ክፍል መዝለል ይቻል ነበር፤ ብዙዎችም ዘለውታል። ነገር ግን ሲዘለል የዘፈኖቿ ግማሽ ትርጉም አብሮ ይጠፋል። በ1923 ካስቀረጸቻቸው አንዱ ሰው በገዛ ሕይወቱ ለሚያደርገው ነገር ለማንም መልስ መስጠት የለበትም የሚል ሐሳብ የያዘ ነው። ይህን የዘፈነችው አካሉም ፍቅሩም የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ለ250 ዓመት ያህል በባርነት ከኖረ ሕዝብ የተወለደች ሴት ናት። የቤሲ ወላጆች ትውልድ ባርነትን በዓይኑ ያየ ትውልድ ነው። ባሪያ ማግባት የሚችለው ጌታው ሲፈቅድ ብቻ ነበር፤ ልጁም ይሸጥበት ነበር። ስለዚህ ነጻ የወጣው ሰው ከነጻነቱ ሁሉ አስቀድሞ የተጠቀመበት ወደ ወደደው መሄድንና የወደደውን ማፍቀርን ነው። የብሉዝ ዘፈን ስለ ባቡርና ስለ ፍቅር የሚያበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ቤሲ ይህን ነጻነት እስከ ዳርቻው ወሰደችው።

ይህ ማለት ግን ቅድስት ነበረች ማለት አይደለም። አብዝታ ትጠጣ ነበር፤ ስትቆጣ ቡጢ ይቀድማታል፤ የምትወዳቸውንም አሳዝናለች። ትዳሯም በድብድብ የተሞላ ሆኖ በ1920ዎቹ መጨረሻ ፈረሰ። በ1925 በትውልድ ከተማዋ በተደረገ ግብዣ ላይ ሴቶችን ያስቸገረ አንድ ሰካራም መትታ ብትጥለው ቆይቶ በጩቤ ወጋት። ጩቤው በሰውነቷ ላይ እንዳለ ጥቂት አሯሯጠችው፤ በማግስቱም መድረክ ላይ ነበረች።

1927፦ ጎርፉና የካስማው ሌሊት

በ1926 የገና ሰሞን የከምበርላንድ ወንዝ ሞልቶ የናሽቪልን ከተማ አጥለቀለቀ። ቤሲ ጎርፉ ቤታቸውን የወሰደባቸውን ሰዎች በማሰብ ባክ ዋተር ብሉዝ የተሰኘውን ዘፈን ራሷ ደርሳ በፌብሩዋሪ 1927 አስቀረጸችው። ሁለት ወር ሳይሞላ በኤፕሪል የሚሲሲፒ ወንዝ ግርዶቹን ጥሶ ከ27,000 ካሬ ማይል በላይ መሬት ሸፈነ፤ ከ600,000 በላይ ሕዝብም መጠለያ አጣ። ለመሐንዲሶች ይህ ጎርፍ የታወቀ ትምህርት ነው። ወንዙን በዳር ግርዶች ብቻ መቆጣጠር ይቻላል የሚለው የዘመኑ መመሪያ የተሻረው ከዚህ በኋላ ሲሆን በ1928 በወጣው ሕግ የጎርፍ ማስተንፈሻ ቦዮች እንዲጨመሩ ተደርጓል። በግሪንቪል አካባቢ ግን ስሌቱ ያመጣውን ስሕተት በትከሻቸው የተሸከሙት ጥቁሮች ነበሩ። በታጠቁ ዘበኞች እየተጠበቁ በግርዱ ላይ አሸዋ የሞላ ጆንያ እንዲቆልሉ ተገደዱ፤ ከሠፈሩም እንዳይወጡ ተከለከሉ። የቤሲ ሸክላ የእነርሱ ዘፈን ሆነ። ስለ እነርሱ ከመድረሱ በፊት የተደረሰ ቢሆንም ከእነርሱ የተሻለ የተረዳው አልነበረም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የቤሲ ጓድ በሰሜን ካሮላይና በኮንኮርድ ከተማ ድንኳኑን ተክሎ ነበር። ሌሊቱ ሞቃት፣ ድንኳኑም ጢም ብሎ የሞላ ነበር። ከሙዚቀኞቹ አንዱ ነፋስ ሊቀበል ወደ ውጭ ሲወጣ ነጭ ልብስና ቆብ ያጠለቁ የኩ ክለክስ ክላን አባላት የድንኳኑን ካስማዎች መንቀል ሲጀምሩ አየ። አንድ ትልቅ ድንኳን በሰው ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚያደርስ መናገር አያስፈልግም፤ ውስጡ መብራትም ሕዝብም ሞልቶበታል። ሙዚቀኛው ሮጦ ለቤሲ ነገራት። ዕቃ የሚያነሡትን ወጣቶች ጠርታ ወደ ኋላ ዞረች። ወጣቶቹ የመጣባቸውን ሲያዩ ሸሹ። እርሷ ግን ወደ ክላኖቹ ተጠግታ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ በሌላው ቡጢዋን እያወዛወዘች ሰዎቹን በስድብ አጥረገረገቻቸው። ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ሕዝብ ሁሉ እንደምትጠራባቸውም ዛተች። ለጥቂት ጊዜ ደንግጠው ቆሙ፤ ከዚያም አንድ በአንድ ወደ ጨለማው ገቡ። ቤሲ የሸሹትን ወጣቶች ገሥጻ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ መድረክ ተመልሳ ዘፈኗን ቀጠለች።

በዚያ ሌሊት ከካስማዎቹ ጋር ሊነቀል የነበረው ነገር ምን ነበር? በድንኳኑ ውስጥ የፖለቲካ ስብሰባ አልነበረም፤ መሣሪያ የታጠቀም አልነበረም። የነበረው የሳምንት ደመወዙን ከፍሎ ለመሳቅና ለመጨፈር የመጣ ሕዝብ ነው። ክላኖቹ ግን ነገሩን በትክክል ተረድተውት ነበር። ጭቆና የሚቆመው ተጨቋኙ ራሱን የሚያፍርበት ሆኖ ሲያገኘው ነውና፣ ሳያፍር የሚስቅ ሕዝብ ሥርዓቱን በማግስቱ ባይጥለውም መሠረቱን ይሸረሽረዋል።

የመከራው ዓመታት

በ1929 ሴንት ልዊስ ብሉዝ በተሰኘ አጭር ፊልም ላይ ተሳተፈች፤ ምስሏ ሲንቀሳቀስ የምናይበት ብቸኛ ፊልም ይኸው ነው። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ኢኮኖሚ ወደቀ። ሬድዮና ድምፅ ያለው ፊልም ተስፋፍተው የሸክላውንም የቲያትሩንም ገበያ ዘጉት። ኮሎምቢያ በ1931 ከእርሷ ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ። የመጨረሻ ቀረጻዋ በኖቬምበር 1933 በጆን ሃመንድ አስተባባሪነት የተደረገ ሲሆን ለአንድ ዘፈን 37 ዶላር ከ50 ሳንቲም ተከፈላት።

በዚህ ቀረጻ ጊዜ ሕዝቡ ሐዘን በቅቶታል በማለት የመረጠችው ሞቅ ያሉ ዘፈኖችን ነው። ከአራቱ አንዱ ስለ ኪራይ ግብዣ የሚተርክ ነው። የኪራይ ግብዣ ማለት በኒው ዮርክ የሀርለም ጥቁሮች የቤት ኪራይ ሲጎድላቸው ፒያኖ መቺ ጠርተው፣ የአሳማ እግር ቀቅለው፣ ከእንግዳው ጥቂት ሳንቲም በበር ላይ እየተቀበሉ የሚጨፍሩበት ሌሊት ነው። ለጥቁር ተከራይ የሚጠየቀው ኪራይ ከፍ ያለ፣ ደመወዙ ግን ዝቅ ያለ ስለነበር ልዩነቱን የሞላው ጭፈራ ነበር። በዚያው ሀርለም ግላዲስ ቤንትሊ የተባለች ሴት ነጭ የወንድ ሙሉ ልብስ ለብሳ በፒያኖ ታጅባ ታዜም ነበር። በእነዚህ ቤቶች ደስታ የተረፈው ሰው ቅንጦት አልነበረም፤ ቤተሰቡን ከነዕቃው መንገድ ላይ ከመጣል የሚያድን ነበር።

ሞቷና ከሞቷ በኋላ የተወራው

ሴፕቴምበር 26 ቀን 1937 ሌሊት ቤሲ በወቅቱ የሕይወት ጓደኛዋ ከነበረው ከሪቻርድ ሞርገን ጋር በሚሲሲፒ በ61ኛው አውራ ጎዳና ስትጓዝ መኪናቸው ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ጋር ተጋጨ። ቀኝ ክንዷ ክፉኛ ተጎዳ። በአጋጣሚ የደረሰ ሂዩ ስሚዝ የተባለ ነጭ ሐኪም ረዳት። ክላርክስዴል በሚገኘው የጥቁሮች ሆስፒታል ክንዷ ቢቆረጥም ያን ዕለት ጧት ሕይወቷ አለፈ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጆን ሃመንድ ቤሲ የሞተችው የነጮች ሆስፒታል ስላልተቀበላት እንደሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። ወሬው ሥር ሰደደ፤ ኤድዋርድ አልቢም ቲያትር ጻፈበት። ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም፤ ወደ ነጮች ሆስፒታል ከቶ አልተወሰደችም። እውነቱ ከወሬው ይልቅ ይከብዳል። በዚያ አገር የትኛውም የአምቡላንስ ነጂ ጥቁር ቁስለኛን ወደ ነጮች ሆስፒታል ይዞ መሄድን በሐሳቡም አያመጣውም ነበር። ሥርዓቱ በር ላይ ቆሞ መከልከል እንኳ አላስፈለገውም። መንገዱ ራሱ አስቀድሞ ተለያይቷል።

የተሳሳተው ወሬ ሌላም ጉዳት አድርሷል። ለብዙ ዘመን ቤሲ ስሚዝ የምትታወሰው በአሟሟቷ ሆኖ ቀረ። በፉርጎዋ የገዛችው ነጻነት፣ ፍቅሯ፣ ሳቋና ከካስማው አጠገብ የቆመችበት ሌሊት ተረስቶ በሌሎች እጅ የሞተች ምስኪን ብቻ ተደረገች። ለተጨቋኝ ማዘን ቀላል ነው። የተደሰተበትን ቀን አብሮ መቁጠር ግን እንደ ሙሉ ሰው ማየት ነው።

በፊላደልፊያ በተፈጸመው ቀብሯ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተሰለፈ። ለሐውልቷ ተብሎ ገንዘብ ቢሰበሰብም ሐውልቱ ሳይቆም ቀረ፤ መቃብሯም ለ33 ዓመታት ያለ ምልክት ቆየ። በ1970 ሁዋኒታ ግሪን የተባለች፣ በልጅነቷ የቤሲን ቤት ታጸዳ የነበረች ጥቁር ሴት፣ ከነጯ ዘፋኝ ከጃኒስ ጆፕሊን ጋር ወጪውን ተካፍለው ድንጋይ አቆሙላት። ኮሎምቢያም በዚያን ሰሞን የቀሩትን ቅጂዎች በአዲስ መሣሪያ አጽድቶ ዘፈኖቿን በሙሉ አሳተመ። በ2002 የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገቡ ላይ ካሰፈራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ያ በ1923 በመለከት የተቀረጸው ሸክላ ነው።

የሞተችበት ሆስፒታል ደግሞ በ1944 ሪቨርሳይድ ሆቴል ተብሎ፣ ሌላ ሆቴል የማይቀበላቸው ጥቁር መንገደኞችና ሙዚቀኞች የሚያድሩበት ቤት ሆነ። ግድግዳው ያው ነው፤ ክፍሎቹም ያው ናቸው። ቀድሞ በሽተኛ ይተኛባቸው በነበሩት ክፍሎች ውስጥ አዳዲስ ዘፋኞች ጊታራቸውን ይቃኙ ጀመር። እኛ የምንሠራው ማንኛውም ነገር፣ በር ይሁን ፉርጎ ወይም የድምፅ መሣሪያ፣ ሰውን ሊለይም ሊሰበስብም እንደሚችል ከዚህች ሴት ሕይወት የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለኝም። ንድፉን ስንጀምር በየትኛው በር ማን እንደሚገባ አስቀድሞ መጠየቅ የሙያችን ግዴታ ነው።